የተነበበ መርዶ

ጋሽ ተሾመ ማረፋቸውን የሰማሁት ከእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። በመስኮቴ ሥር ቆሞ ስማቸውን ሲጠራ እኔ የተቀደደ መጽሐፍ እያጣበቅሁ ነበር። ሳላስበው ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ። የሚያነቡት ተማሪዎች ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ። ምን ሆንሽ እንዳይሉኝ መስኮቱን ልዘጋ የተነሣሁ መሰልኩ። መስኮቱ ግን ቀድሞውንም ዝግ ነበር።

ለሞተ ሰው ከወንበር መነሣትን የተማርኩት ከራሳቸው ከጋሽ ተሾመ ነው። ልዩነቱ፣ እሳቸው የሚነሡት መጽሐፍ ውስጥ ለሚሞተው ሰው ነበር።

ሰዓዳ እባላለሁ። መካነ ሰላም ውስጥ ባለችው ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ቤተ መጻሕፍት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳትጠብቁ፤ ጣራዋ ቆርቆሮ የሆነ አንዲት ክፍል ናት። ክረምት ሲሆን በረዶው ጣራዋን ሲደበድባት ሰው የራሱን ሐሳብ እንኳ አይሰማም፤ ጉም ሲወርድ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ዓለም ያለቀች ይመስላል። መብራት ሲጠፋ ተማሪው ሁሉ ወደ ቤቱ ይበራል። ጋሽ ተሾመ ግን መስኮቱ ጥግ ኮታቸውን እንደ ለበሱ፣ ባርኔጣቸውን እንደ ደፉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ማንበባቸውን ይቀጥላሉ። በዚያ ጨለማ ፊደሉ እንዴት እንደሚታያቸው ጠይቄ አላውቅም። አሁን ሳስበው መጠየቅ ነበረብኝ።

ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ሁልጊዜ የሚዋሱት ሁለት መጽሐፍ ነው፤ አንድ ልብ ወለድ፣ አንድ ልብ ወለድ ያልሆነ። እሳቸው ግን እንዲያ አይሉም። «አንድ የታሰበ፣ አንድ የሆነ ስጪኝ» ነው የሚሉኝ። የፍቅር ታሪክ ከኩላሊት በሽታ ጋር፣ የሽፍታ ታሪክ ከመንገድ ሥራ ጋር ይዘው ይሄዳሉ። ሁለቱንም ቤታቸው በአሮጌ ጋዜጣ ይለብጧቸውና ሲመልሱ የቱ የቱ እንደሆነ ገልጬ ካላየሁ አላውቀውም። «ምነው ጋሽ ተሾመ፣ ሽፋኑን አፈሩበት እንዴ?» ስላቸው፣ «ሰው በልብሱ አይገመትም ስትዪ ትውያለሽ፤ መጽሐፍን ግን በልብሱ ትገምቻለሽ» ብለው አፌን አስያዙኝ።

አንድ ገጸ ባሕርይ የሞተ እንደሆነ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ ገጥመው ይነሣሉ። ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ትንሽ ይቆሙና «ነፍስ ይማር» ብለው ይቀመጣሉ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ መጀመሪያ ጠረጴዛ ሥር ገብተው ይስቁ ነበር፤ ኋላ ለመዱት። እኔ ግን ነገር ካልጎረጎርኩ አይሆንልኝም።

«ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ ጋሽ ተሾመ?»

«አንዲት አሮጊት።»

«የት አገር?»

«ሩቅ ነው። ቀባሪ እንኳ አላገኘች፣ ምስኪን።»

«አብሽሩ ታዲያ። ውሸት እኮ ነው።»

«ውሸት ከሆነ እኔን ምን አስቆመኝ?»

መጻሕፍቱን ወደ መደርደር ተመለስኩ።

እኔ በፊት ከፍቅር ልብ ወለድ ሌላ አላነብም ነበር። አልዋሽም፣ ሌላውን መደርደሪያ የማውቀው አቧራ ስጠርግ ነው። እሳቸው ናቸው ያስጣሉኝ። አንድ ቀን እግሩ ያበጠ ባል የሚሞትበት ልብ ወለድ አንብቤ እያለቀስኩ ደረሱብኝና፣ ያንን የኩላሊቱን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ይሄንንም አንቢና ደግመሽ አልቅሺ» አሉኝ። ንዴቴ! አነበብኩት። ከዚያ ወደ ልብ ወለዱ ስመለስ ሰውየው ገና ጫማው ጠበበኝ ብሎ ሚስቱን ሲቆጣ ምን እንደያዘው ገባኝ። ሚስቱ አታውቅም፣ እሱም አያውቅም፤ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። እንዲያ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊት ይዞኝ አያውቅም። «የታሰበው ማን እንደሞተ ይነግርሻል» ይሉ ነበር ጋሽ ተሾመ፣ «የሆነው ደግሞ በምን እንደሞተ ይነግርሻል። አንዱን ብቻ ካነበብሽ ግማሽ ነው የምታለቅሺው።»

ደግ ሰው ነበሩ፣ ጨዋታቸው አይጠገብም። ግን ስለ መጽሐፍ ሲያወሩኝ አንዳንዴ ጀርባዬን ይበርደኝ ነበር። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ያነበቡትን ክፍል ይተርኩልኛል፤ እኔም ደስ ይለኝና መጽሐፉን ሲመልሱ ያንኑ ክፍል ፍለጋ እገባለሁ። የለም። ዳር እስከ ዳር አገላብጬ የለም። አንዴ ስለ አፈር ጥበቃ ከሚያወራ መጽሐፍ ላይ፣ ነፋስ ሳይነካው ስለ ወደቀ ባሕር ዛፍ አነበብኩ ብለው ነገሩኝ። ወፎቹ ዛፉን ጥለው የሄዱት ከመውደቁ ቀደም ብለው ነው አሉኝ። መጽሐፉ ላይ ባሕር ዛፍ ነበረ፣ ወፍ ግን አልነበረም፣ የወደቀም ዛፍ አልነበረም። «ልብ ብለሽ አላነበብሽው ይሆናል» አሉኝ። ያን ክረምት ከትምህርት ቤቱ ኋላ ያለው ትልቁ ባሕር ዛፍ ጭጭ ባለ ቀን ተጋደመ። ዛፍ ይወድቃል፣ ምን ይደንቃል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ዛፍ ላይ ወፍ ሳጣ ደስ አይለኝም።

አሁን ስለ ብርቄ ልናገር። ብርቄ የጋሽ ተሾመና የእትዬ የሺ አንድያ ልጅ ናት። እዚህ አካባቢ እንደሚሄዱት ብዙ ልጆች እሷም ወደ ዓረብ አገር ወጣች፤ በአውሮፕላን ሳይሆን በእግርና በባሕር። ከጂቡቲ ዳርቻ ደውላ «ነገ እንሻገራለን፣ ዱአ አድርጉልኝ» አለች። ክርስቲያን ናት፤ ግን የወሎ ልጅ ዱአ ሳትል ምን ልትል ኖሯል? ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ ጠፋ። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ። እትዬ የሺ ያቺ የደወለችላቸውን ስልክ ከጉያቸው አያወጧትም፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያለበት ቡና ቤት ድረስ ወስደው ቻርጅ ያስደርጓታል። «ልጄ ስልክ ጠፍቶባት ነው» ይላሉ፤ ሌላ ቃል በፊታቸው መናገር አይቻልም።

በእኛ አገር ደግሞ መርዶ ያልመጣለት ሰው አይለቀስለትም። መርዶ ማለት ሽማግሌዎች በጠዋት ገብተው፣ አረጋግተው፣ የሞተውን ሰው አሟሟት የሚያረዱት ነው። እሱ ሳይኖር ድንኳን ቢተከል ሟርት ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ይቀሰፋል ይባላል። እናም ጋሽ ተሾመ ለአንዲት ልጃቸው ማልቀስ አይችሉም ነበር። ለዚያ ይሆናል መጽሐፍ ላይ ለሚሞተው ሁሉ ሲነሡ የኖሩት። ይሄን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

አንድ ክረምት አንድ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ በስጦታ መጣልን። ገና ሳልመዘግበው ጋሽ ተሾመ ከላዩ ሁለት አነሡ፤ አንዱ ልብ ወለድ፣ አንዱ ስለ ድንች አመራረት። ሳቅሁባቸው። «ድንች አብቃይ ሊሆኑ ነው?» አልኳቸው። አልሳቁም። ለወትሮው ቶሎ የሚመልሱት ሰውዬ ጠፉ። ሲመጡ ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ባዶ እጃቸውን ናቸው።

«ሰዓዳ» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «ብርቄን አገኘኋት።»

«አልሐምዱሊላህ! የት?»

«መጽሐፉ ላይ።»

ወንበር ሳብኩላቸው። ጸሐፊው ልጃቸውን ሳያውቃት እንዲህ ሊጽፍ እንደማይችል፣ ስምዋን ባይጠራም አረማመድዋን፣ ሲጨንቃት የሻሽዋን ጫፍ መንከሷን፣ ሁሉንም መጻፉን ነገሩኝ። መጨረሻውንም አንብበውታል። «መርዶዬ መጥቷል» አሉ። «ከእንግዲህ ለልጄ ላልቅስላት።»

ከዚያ ሄደው የእድሩን ዳኛ አባባ ሰይድን ድንኳን ይተከልልኝ አሏቸው። በአንድ ቀን ወሬው ገበያውን አዳረሰ። አባባ ሰይድ ከሁለት ሽማግሌ ጋር እኔ ዘንድ መጡ፤ ከዘራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አጋድመው ጠየቁኝ።

«እስቲ አንቺ የመጽሐፍ ሰው ነሽ። ይህ ተሾመ የያዘው ነገር እውነት ነው ወይስ ተረት?»

«ልብ ወለድ ነው አባባ።»

«እሱማ ተነገረን። እውነት አለበት ወይ ነው ያልኩሽ።»

«እኔ አላነበብኩትም። ቢኖርበትም የቱ ጋ እንዳለ አይታወቅም።»

«አጃኢብ!» አሉ እጃቸውን አጨብጭበው። «በዚህ ዕድሜዬ ስንት መርዶ ተሸክሜ ገብቻለሁ፤ መርዶ ከመጻሕፍት ቤት ሲወጣ ግን አላየሁም።»

በማግስቱ ደግሞ እትዬ የሺ መጡ። ቤተ መጻሕፍቷ ውስጥ ገብተው አያውቁም። በሩ ላይ ቆመው መደርደሪያውን እንደ ጠላት አዩት።

«አንቺ ነሽ ለሱ መጽሐፍ የምትሰጪው?»

«እኔ ነኝ እትዬ የሺ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ልጄን እዚህ ነው የገደላት።» ድምፃቸው ግን አልጮኸም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «ለሽማግሌዎቹ ነግሬያቸዋለሁ። ይነበብ። ሰው ተሰብስቦ፣ እኔም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። የልጄን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ጸሐፊ የለም። አንዲት ነገር ስቶ ባገኘው መጽሐፉን እሳት ውስጥ ነው የምከተው፤ እሷንም እንደገና እጠብቃታለሁ። ካልሳተ…»

አልጨረሱትም። ሄዱ።

ስለዚህ ሽማግሌዎቹ እንዲህ ወሰኑ፤ ድንኳን አይተከልም፣ ሰው ግን በጋሽ ተሾመ ግቢ በጠዋት ይሰበሰባል፣ ይነበባል፣ እናቲቱ «እሷ ናት» ካለች ለቅሶ ይሆናል። ከአባቶቼ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እስከ ዛሬም ለአዲስ አበባ ሰው ሳወራው ያበድኩ መስሎት ነው የሚያየኝ።

ያን ጠዋት ጉም ወርዶ ነበር። አጥሩ እንኳ በደንብ አይታይም። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዴት እንደሚለብሱ ግራ ገብቷቸው ግማሾቹ አዘቅዝቀውታል፣ ግማሾቹ ሟርት እንዳይሆን ደህናውን አጣፍተዋል። እትዬ የሺ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ፣ እጃቸው ጉያቸው ውስጥ ስልካቸው ላይ። ካፊያው መጽሐፉን እንዳያበላሸው ጋሽ ተሾመ «ጃንጥላውን ያዢልኝ ልጄ» ብለውኝ ከኋላቸው ቆምኩ። በጋዜጣ የተለበጠውን መጽሐፍ ገለጡ። ማንበብ ጀመሩ።

ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ። ልጅቱ ከደጋ አገር መምጣትዋን አነበቡ። በረሃው ውስጥ ሌሎቹ ሲያለቅሱ እሷ የማባዛት ሠንጠረዥ ታንጎራጉር እንደ ነበር አነበቡ፤ አባቷ በሕፃንነቷ እያዜመ ያስጠናት ነው። ሴቶቹ «ውይ!» አሉ፤ ሁሉም የብርቄን ዜማ ያውቁታል። እትዬ የሺ አልተነቃነቁም።

«ጀልባው ጋ ስትደርስ» ብለው አነበቡ ጋሽ ተሾመ፣ «አረንጓዴ ሻሽ አስራ ነበር።»

«ውሸት!» እትዬ የሺ ተነሡ። «ሻሿ ሰማያዊ ነው! ራሴ ነኝ የገዛሁላት! ሰማችሁ? እሷ አይደለችም! ልጄ አይደለችም!» ፊታቸው በራ። እኔም፣ እውነቴን ነው፣ እፎይ አልኩ።

ጋሽ ተሾመ ዓይናቸውን ከመጽሐፉ ሳያነሡ ቀጥለው አነበቡ። «ሰማያዊውን፣ እናቷ የገዛችላትን፣ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ወገቧን እንድታስርበት ሰጥታት ነው፤ አረንጓዴው ከሌላ ሰው የተለገሰ ነው።»

እትዬ የሺ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እኔ ያን ጊዜ ነው ዝቅ ብዬ ያየሁት። መጽሐፉ ላይ ያቆጠቆጠ ድንች ሥዕል አለ። ከሥዕሉ በታች ዘሩ ከመተከሉ በፊት በምን ዓይነት ቦታ እንደሚቀመጥ ይናገራል። ገጹን ገለጡ፤ እዚያም ድንች ነው። ጣታቸው መስመር በመስመር ይከተላል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ከአፋቸው የሚወጣው ግን ባሕር ነው። ልብ ወለዱን ኋላ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ስለ አንድ ልብስ ሰፊና ስለ ጎረቤቱ ነው፣ ባሕር የሚባል ነገር አይነሣበትም። ያን ጠዋት ግን ይሄንን አላውቅም ነበር። ዝም በይ አለኝ አንድ ነገር፤ ጃንጥላውን አጥብቄ ያዝኩ።

ጀልባው ሲነጋጋ መገልበጡን አነበቡ። ብርቄ እንጨት ይዛ እንደ ነበር፣ ነፍሰ ጡሯንም እንጨቱን እንዳስያዘቻት አነበቡ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው አፍነዋል። «ከዚያ ነፍሰ ጡሯን አንድ ነገር አደራ አለቻት» ብለው ገጹን ለመግለጥ ጣታቸውን አረጠቡ።

«እናቴን ስልክ አትጠብቂ በይልኝ አለች» አለ አንድ ድምፅ።

ከጉሙ ውስጥ ነው፣ ከበሩ በኩል። ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት ከሲታ ሴት የግቢውን በር ይዛ ቆማለች፤ ጥቁር ሒጃብ፣ የላስቲክ ቦርሳ። ጋሽ ተሾመ ብቻ አልዞሩም። ገጹን ገለጡ፣ ጣታቸውን አኖሩበት።

«አዎ» አሉ። «እንዲሁ ነው የሚለው።»

አባባ ሰይድ ነበሩ ቀድመው አንደበታቸው የተፈታ። «ማን ነሽ አንቺ?»

«አሰላሙ አለይኩም። ከድጃ እባላለሁ፤ የአቀስታ ልጅ ነኝ። ትናንት ነው በሚኒባስ የገባሁት። የብርቄን አባት ቤት ሳጠያይቅ ሰው የተሰበሰበበት ነው አሉኝ።» ትንፋሿ አጠረ። «ነፍሰ ጡሯ እኔ ነበርኩ።»

«ይሄን ነገር ከዚህ በፊት ለማን ነግረሻል? እሱን ታውቂዋለሽ?»

«ወላሂ ለማንም። ከጀልባው ከእኔ በቀር የተረፈ የለም። ከዚያም በየእስር ቤቱ ስሰቃይ ነው የከረምኩት፤ አገሬ የገባሁት አሁን ነው። እሳቸውን ገና ማየቴ ነው።» ወደ ጋሽ ተሾመ ጀርባ ተመለከተች። «ማን ነገራቸው?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አንዷ ሴት ቀስ ብላ ነጠላዋን ስታዘቅዝቅ ሌሎቹም ተከተሏት።

እትዬ የሺ ከበርጩማው ተነሡ። ወደ ከድጃ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፤ ሁላችንም መሰለን። ያን ሁሉ ያየች፣ አብራ የነበረች ሴት እዚያ ቆማለች። እሳቸው ግን ወደ ባላቸው ሄደው እግራቸው ሥር በጭቃው ላይ ተቀመጡ፤ ልጅ ተረት ሊሰማ እንደሚቀመጥ።

«የብርቄ አባት» አሉ። «በርዷት ነበር?»

ጋሽ ተሾመ ዝቅ ብለው ገጹን አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጣታቸው ከመስመሩ ላይ ተነሣ።

«አልበረዳትም ይላል» አሉ።

በሩ ላይ የቆመችው ከድጃ አፏን ከፈተች። እትዬ የሺ ዞር ሳይሉ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት።

«አንቺ ተይኝ ልጄ፤ አውቃለሁ» አሉ። «እሱ ያንብብልኝ።»